የጋሽ አንዳርጋቸው ፒክአፕ ምስክሮች

ባሕር ዳር ውስጥ ባለፒክአፕ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «ና ግባ፣ ላድርስህ» ካላችሁ፣ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አስቡበት። ለእግራችሁ አዝኖ እንዳይመስላችሁ። የሚፈልገው ምስክር ነው።

ባለባጃጅ ነዳጅ ያማርራል፤ ባለአይሱዙ መንገድ ያማርራል። ባለፒክአፕ የሚያማርረው ግን ስሙ የማይታወቅ፣ ቦታው የማይገኝ፣ ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ድራሹ የሚጠፋ መንቀጥቀጥ ነው። «ትንቀጠቀጥብኛለች» ይላል፣ ስለታመመች ልጁ እንደሚያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ይህን ያላለ ባለፒክአፕ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ካለም መኪናውን ገና ትናንት የገዛ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ሁሉ አለቃ፣ የዓባይ ማዶ ኩራት፣ ክቡር ሊቀ ንዝረት ጋሽ አንዳርጋቸው ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ቤተ ክህነት አታውቅም። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ድራፍቲንግ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለ ኮምፓስ፣ በባዶ እጃቸው ድፍን ክብ ይሥሉ ነበር፤ ተማሪዎቻቸው ከክፍል ሲወጡ ጠብቀው ክቡን እየለኩ ስሕተት ሲፈልጉባቸው ኖረው፣ ሳያገኙ ተመርቀዋል ይባላል። ዛሬ ነጭ ባለሁለት ጋቢና ፒክአፕና እትዬ የሺአረግ የሚባሉ ትዕግሥተኛ ባለቤት አሏቸው። መኪናዋ ደግሞ በሰዓት ሰባ ኪሎ ሜትር ላይ የሚጀምራት አንድ ነገር አላት።

ምስክርነቱ ሥርዓት አለው። ጠዋት ባጃጅ ስጠብቅ ያገኙኛል፤ እገባለሁ። ሬዲዮ ይዘጋል፣ መስኮት ይዘጋል። ማውራት ክልክል ነው፤ ማሳል በፈቃድ ነው። ቢሮዬ የዓባይን ድልድይ እንደተሻገርን ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ከተማ ውስጥ ሰባ ስለማይነዳ፣ ቢሮዬን በመስታወት እያየሁት እናልፍና በመራዊ የሚያልፈውን የዱርቤቴን መንገድ እንይዛለን። መለኪያው ሰባ ሲነካ ጋሼ መሪውን ጥብቅ አድርገው ይይዙና በአገጫቸው ይጠቁማሉ።

«ይኸው መጣ! መጣ አይደል? ተሰማህ አይደል?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰውየው በራሳቸው ነዳጅ፣ በራሳቸው ጊዜ ጭነውኛል፤ ዕድሜያቸው የአባቴ ነው። «አልተሰማኝም» ማለት ሰው ቤት ተጋብዞ ወጡን ጨው አነሰው ማለት ነው።

«አዎ ጋሼ፣ በደንብ!» እላለሁ።

«ከወንበሩ ነው ከወለሉ?»

«እ… ከመሐል።»

መኪናዋን ዳር አስይዘው ደብተራቸውን ያወጣሉ። «ኪሩቤል፤ ከመሐል» ብለው ይጽፋሉ፣ ቀንና ሰዓት ጨምረው። አንድ ቀን አለቃዬ «የት ቆየህ?» ቢለኝ «መራዊ» አልሁት። ያሾፍሁበት መስሎት እስከ ዛሬ ቂም ይዟል።

ደብተሩ ውስጥ የሌለ ሰው የለም። የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ዱርቤቴ ገበያ በነፃ ደርሰው የተመለሱ እናቶች አሉ። ከሁሉም የሚበልጥብኝ የመርጌታ ጥዑመ ልሳን ምስክርነት ነው። መርጌታ ከጣና ገዳማት በአንዱ አቋቋም የሚያስተምሩ የሰማንያ ዓመት ሊቅ ናቸው። ከጀልባ ወርደው መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲሄዱ ጋሼ ያገኟቸውና፣ ባርከው ይገባሉ። ሰባ ላይ ሲደርሱ ጋሼ «የኔታ፣ ተሰማዎት?» ይላሉ። መርጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩ አሉ።

«ልጄ፣ እንግዲህ ዜማ ቢሆን ዕዝል ነው የምለው።»

ጋሼ ደስታውን አልቻሉትም። «መርጌታ፤ ዕዝል» ተብሎ ተጻፈ። ያን ሳምንት ሰፈሩን እየዞሩ «እኛ መሀይሞቹ ነን ያላወቅነው እንጂ፣ ሊቁ እኮ በአንድ ጊዜ ለየው!» ሲሉ ሰነበቱ።

«ምንም የለም» ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እሱም ገድሉ ነው። ገድሉ ሃያ ዓመት ሙሉ የጋሼን መኪናዎች ያከመ፣ ለልጃቸው ሰርግ ድንኳን የተከለ መካኒክ ነው። መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ፣ ከሥሯ ተኝቶ፣ እያንዳንዱን ነገር ነቅንቆ ወጣና እጁን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ጤነኛ ናት። ካላመኑኝ መሪውን ይስጡኝና ነድቼ ልያት።»

ይህን ማለት አልነበረበትም። ጋሽ አንዳርጋቸው መሪ አይሰጡም። ለልጃቸው አልሰጡም፣ ለወንድማቸው አልሰጡም። «ምሽትና መሪ አይዋስም» ይላሉ ሁልጊዜ። እትዬ የሺአረግም ሁልጊዜ «እኔን ከጎማ ጋር ደመርኸኝ?» ይላሉ። በዚያው ቀን ከገድሉ ጋር ተኳረፉ። ስድስት ወር ሙሉ በጋራዡ በር ሲያልፉ አንገታቸውን ወደ ጣና አዙረው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያልገቡበት ጋራዥ የለም። አንዱ ጎሚስታ አራቱንም ጎማ ባላንስ አደረገ፣ ሌላው ጎማዎቹን ጭራሽ ቀየረ። ከሥሯ ክሮቼራው ተለወጠ፣ ኩሽኔታው ተለወጠ፣ ጥፋት ያልተገኘበት የሹፌሩ ወንበር ሳይቀር ተፈትቶ ታሰረ። አንዲት ዘመዳቸው «ዓይን ነው» ብላ ኮፈኑ ላይ ጠበል ረጨች። ከመኪናዋ ያልተነካው ታርጋዋ ብቻ ቀረ። መንቀጥቀጡ ግን ሰባ ላይ፣ በሰዓቱ፣ ይመጣል።

እኔ ደግሞ እያሾፍሁ ስኖር አፌ አንድ ቀን አጋለጠኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢያቸው ብገባ፣ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግተው ይሥላሉ። ፍጥነቱ በአግድም፣ መንቀጥቀጡ በቁም። የሃያ ሁለት ምስክር ቃል በነጥብ ተቀምጧል። አየሁትና ሳቄ መጣ።

«ጋሼ፣ በሽታው ወደ ወረቀቱ ተዛመተ እንዴ? ይሄ መስመር እኮ ሰባ ኪሎ ሜትር ላይ የተሠመረ ነው የሚመስለው!»

ብቻዬን ሳቅሁ። ጋሼ እርሳሱን አስቀመጡት፤ ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ከተቱት። ያኔ ነው ወረቀቱን ደግሜ ያየሁት። ያን ክብ ይሥል የነበረ እጅ፣ በማስመሪያ ተደግፎ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር አልወጣለትም።

«አባቴን በስልሳ አምስት ዓመቱ ነው የጀመረው» አሉ፣ እኔን ሳያዩ። «መጀመሪያ እጁን ነበር። ኋላ ማንኪያ አፉ ማድረስ አቃተው። እኔ ይኸው ስልሳ ስድስት ሞላኝ።»

ወረቀቱን በግራ እጃቸው ገለበጡት።

«መኪናዋ ከሆነች ትጠገናለች። እኔ ከሆንሁ ግን ቁልፉን ማስቀመጤ ነው። የሺአረግን ማን ወንዛዬ ይወስዳታል?»

እትዬ የሺአረግ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዛዬ ፍል ውሃ ካልገቡ፣ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ አይወጡም። ያን መንገድ አንድም ቅዳሜ ሳይጎድል የሚነዱት ጋሼ ናቸው። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው።

«ግን ሰው ሁሉ ይሰማኛል ይላል» አሉ፣ ቀና ብለው። «አንተም ተሰምቶኛል ብለኸኛል። ሰው ሁሉ ከተሰማው እንግዲህ መኪናዋ ናት ማለት ነው። አይደል?»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እኔ ለጨዋነት ያልሁትን «አዎ ጋሼ» እሳቸው ለማስረጃ ይዘውት ኖረዋል። ሃያ ሁለት ሰው ይሉኝታ ይዞን ሃያ ሁለት ጊዜ ዋሽተናል፤ መርጌታም ቢሆኑ ሰው ላለማስቀየም ዜማ ፈጠሩ። ሰውየውን የረዳናቸው መስሎን ዓመት ሙሉ ሐኪም እንዳያዩ ከለከልናቸው። እውነቱን የነገራቸውን አንዱንም አኩርፈውታል።

«ጋሼ፣ መሪውን ከእርስዎ በቀር የጨበጠው ሰው የለም» አልሁ በመጨረሻ። «ወንበር ላይ ተቀምጦ በምን ይታወቃል? እኔ ልንዳትና ይለይ።»

ወረቀቱን ጠቅልለው ወደ ቤት ገቡ። ሰኞ አላነሡኝም፤ ማክሰኞም አላነሡኝም። ተቀየሙኝ ብዬ ቁርጤን አወቅሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ ጡሩምባ ተነፋ። ስወጣ ሞተሩ ተነሥቷል፤ እትዬ የሺአረግ ፎጣቸውንና ሳፋቸውን ይዘው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ጋሼ በተሳፋሪው ወንበር ላይ ናቸው። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው።

«ማርሿ ትንሽ ትከብዳለች» አሉኝ።

መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ መኪና ኖሮኝ ግን አያውቅም። ከከተማው ወጥተን ወደ ወንዛዬ የሚወስደውን የሐሙሲትን መንገድ ያዝን። ሃምሳ። ስልሳ። ጋሼ መንገዱን አላዩም፤ የሚያዩት እጄን ነበር። ሰባ ገባሁ። መሪው መዳፌ ውስጥ ጸጥ ብሏል። ሰባ አምስት አልሁት፣ ሰማንያ አልሁት። አንዲት ፒክአፕ እንድትንቀጠቀጥልኝ ማርያምን ስለምን የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ ቀን የማይጠፋው ጉድጓድ እንኳ ያን ቀን ጠፋ።

«ኪሩቤል፣ መጣ?»

የለመድሁት መልስ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ዋጥሁት።

«አልመጣም፣ ጋሼ።»

ዘወር ብዬ ለማየት አልደፈርሁም። ከኋላ እትዬ የሺአረግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንዳርጌ፣ ሻይህን በግማሽ ብርጭቆ የምቀዳልህ ስኳር ልቆጥብ መስሎህ ነው?»

ጋሼ ዞር አሉ።

«ካወቅሁት ዓመት አለፈኝ» አሉ እትዬ። «መኪናዋ ናት ስትል ቀለል እያለህ አየሁና ዝም አልሁ። ዝም ማለት አልነበረብኝም።»

«ታዲያ አውቀሽ ነው በየቅዳሜው ከእኔ ጋር የምትሳፈሪው?»

«ከማን ጋር ልሳፈር ኖሯል?»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው እስከ ሐሙሲት ሜዳውን ሲያዩ ሄዱ። እኔም መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ፤ ቆሻሻው ግን ከመነጽሩ አልነበረም።

ሰኞ ሐኪም ቤት አብሬያቸው ሄድሁ። የአባታቸው ዓይነት ይሁን አይሁን ገና አልተለየም፤ መድኃኒት ጀምረዋል፣ በወሩ ተመለሱ ተብለዋል። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ገድሉ ጋራዥ አስቁመውኝ በእግራቸው ገቡ። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ገድሉ ግን ዘይት የነካው እጁን ወደ ኋላው አድርጎ ትከሻቸውን ሲስም አይቻለሁ።

አሁን የወንዛዬ ሹፌር እኔ ነኝ። እንደ ጋሽ አንዳርጋቸው ያለ ተሳፋሪ ለጠላቴም አይስጠው። «ማርሽ!» ይላሉ። «ፍሬኑን አትርገጠው፣ ዳብሰው!» ይላሉ። አህያ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ አይተው «አህያ!» ብለው ይጮኻሉ፤ እኔ አህያው መንገድ ላይ ያለው ይሁን ሹፌሩ አልለይም። እጃቸውን ግን አይደብቁም፤ ጉልበታቸው ላይ አኑረውት፣ እንዳሻው ይሁን ብለው ትተውታል። እትዬ የሺአረግ ከኋላ ሆነው ጥሬ ያቀብሉናል፤ ለእኔ በእጄ፣ ለጋሼ በመዳፋቸው ላይ ያፈሱላቸዋል። እወዳቸዋለሁ፤ ሁለቱንም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እንዳትቀጥሩኝ። ለቅሶም ቢሆን የምደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው።