የሰይድ ሁለት ሳጥኖች

እናንተዬ፣ ለመምረጥ ብቻ የተፈጠረ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ የሐይቅ ከተማው ሬዲዮ ጠጋኝ ሰይድ ነው። በደርግ ጊዜ ለቀበሌያችን የኪነት ቡድን ከጣውላና ከመኪና ጎማ የኤሌክትሪክ ከበሮ ሠራ። የጎደለው ድምፅ የሚያወጣው ሳጥን ብቻ ነበር። የአሰብ መንገድ ሾፌር የሆነው አጎቱ ሁለት ዓይነት አምጥቶ፣ «አንዱን ምረጥ፣ ሌላውን እመልሳለሁ» አለው።

ቀላል ይመስላል፣ አይደል? ሰይድ ግን የአምባሰልን የሠርግ ከበሮ የማይመስል ሳጥን አልቀበልም አለ። እናም የቆዳ ከበሮ ተውሶ፣ አንዴ ሳጥኖቹን እያፈራረቀ የሠራውን ከበሮ፣ አንዴ ቆዳውን እየመታ ያነጻጽር ጀመር። አጎቱ ባለፈ ቁጥር «መረጥክ?» ይለዋል። «ገና ነኝ፣ አጎቴ» ይላል።

ክረምቱን ጆሯችንን ደፍነን ከረምን። በጋ ላይ ግን፣ እጁ ከመምታት ብዛት ተፍታቶ፣ ቆዳውን ሲመታ የሽማግሌዎቹ ትከሻ እንኳ ሳይነቃነቅ መቆየት አልችል አለ። ከዚያ ወዲያ ያለ ሰይድ የሚደገስ ሠርግ ጠፋ።

እኔም ስዳር የመታልን እሱ ነው። ጭፈራው ሲያበቃ ላመሰግነው ቀረብኩ።

«ወላሂ፣ አመስጋኙስ እኔ ነኝ» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «ሠርግህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ሆነልኝ። ኢንሻአላህ፣ ሌላ ሦስት አራት ሠርግ ብመታ ሳጥኑን ሳልመርጥ አልቀርም።»