ጋሽ ኡበይደላና ሐይቅ ውስጥ የሚበሰብሰው ደንገል

ያልተጠየቀውን የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የመርሳው ጋሽ ኡበይደላ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር። ሾፌሮቹ «ክቡር የብስባሽ ሚኒስትር» ይሏቸዋል። የክብሩ ሸክም የወደቀው ግን ጌትነት ላይ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቅ ድረስ የሚያመላልሳቸው የእሱ ሚኒባስ ነውና።

ጋሽ ኡበይደላ ደንገል አጭደው ያደርቃሉ፤ በሽንኩርት ጆንያ ቁራጭ ይቋጥሩትና ድንጋይ አስረው ሐይቁ ውስጥ ይጥሉታል፤ አንዱን ዳር፣ አንዱን ገባ አድርገው፣ አንዱን እታች ጥልቁ ድረስ። ቆይተው አውጥተው ምን ያህል እንደበሰበሰ ያያሉ። ያዩትን ደግሞ ይዘው ይሳፈራሉ።

«ወይ አላህ! ምን ሞቶብዎት ነው?» አለች አንዴ ዓቢዳ የምትባል የውርጌሳ ቲማቲም ነጋዴ፣ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ።

ጋሽ ኡበይደላ ደስ አላቸው። «ልብ በይ ልጄ! ዳር ያለው ውሃ ይሞቃል፣ አየር አለው፣ ማዕበሉም ያሸዋል፤ ቶሎ ይበሰብሳል። ታች ግን ብርድ ነው፣ አየር የለም፤ ደንገሉ እንዳለ ይከርማል። ያጨዱትን ሁሉ ዳር ላይ ከደፉት ብስባሹ የውሃውን አየር ይጨርስና ዓሣው ታፍኖ ያልቃል።»

«እኛስ?» አለች ዓቢዳ መስኮቱን እየከፈተች። ውርጌሳ ሳትደርስ ወረደች። ጌትነት ተሳፋሪው ሲቀንስበት በመስታወት አየ፤ ለመቆጣት እንኳ ደከመው።

ባለፈው ቅዳሜ የጥልቁ ተራ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ያልተነካው። ገመዱን ቢስቡት ባዶውን መጣ። የአጥማጅ መረብ ጠልፎ በጥሶታል። ሽማግሌው የገመዱን ጫፍ ሲያገላብጡ ቆዩና አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ተሳፈሩ።

ጌትነት ስንት ጊዜ የተመኘውን ጸጥታ አገኘ። አልጣመውም። ሬዲዮ ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ጋሽ ኡበይደላ ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ።

መርሳ መግቢያ ላይ አፉ አመለጠው፦ «ጋሼ፣ ድንጋይ የታሰረበት ነገር የት ይሄዳል? ነገ ቤተ ክርስቲያን ስሜ እመጣለሁ፤ ጀልባ ይዘን በመንጠቆ እንፈልገው።»

«ይሸታል እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«ዛሬ ነው እንዴ የሸተተው?»

ቀና አሉ። «እንግዲያው መንጠቆው ከበድ ይበል። ለምን መሰለህ፣ እታች ያለው ጭቃ...»

ጌትነት በረዥሙ ተነፈሰ። የጋሽ ኡበይደላ ቤት እየቀረበ ነበር፤ እሱ ግን የጭቃው ነገር ሳይቋረጥ እንዲያልቅ ማርሽ ቀነሰ።