መርፌው ጠበቃ ያቆመበት ሽምግልና

ሁለት ሰው በተጣላበት ሁሉ ሦስተኛ ሆኖ የሚገኝ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ማንም አልጠራውም። ከየት እንደመጣም አይታወቅም። ከዘራውን መሬት ላይ ተክሎ «ቆይ፣ ሌላኛው ወገን ይሰማ!» ይላል። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተው ሳትሆኑ አትቀሩም።

የሐይቅ ዳሩ ባለ ከዘራ፣ ክቡር ሸምጋይ፣ የጠብ ሁሉ ባለአደራ ጋሽ ሙሐዲን ይባላሉ። ለሱረያ የባሏ አባት ናቸው። ባሏ ኢምራን ጅዳ ለሥራ ስለሄደ፣ እሷ ከሁለት ዓመት ልጇ ከሀያ ጋር እሳቸው ቤት ትኖራለች። የአማቷንም ጠባይ ያወቀችው በበሩ ደፍ ነው። ሀያ ተደናቅፋ ወደቀች። ሱረያ እንደ እናቶች ወግ «አንተ ደፍ! ልጄን የምትጥላት!» ብላ ደፉን በጥፊ ልትል እጇን ስታነሣ ከዘራው ተዘረጋ።

«ተይ! ደፉስ ምን ይላል?»

«ደፍ ምን ይላል አባዬ?»

«'እኔ ከቦታዬ አልተነሣሁም፤ የመጣችብኝ እሷ ናት' ይላል።»

ሀያ ለቅሶዋን ትታ ደፉን አፍጥጣ ማየት ጀመረች። ይናገር እንደሁ ብላ ነው መቼም።

ውጫሌ ገበያ አንድ ባጃጅ አህያ ገጨ ተብሎ ቢጠሩ፣ «አህያው ይቅረብልኝ» አሉ። ቀረበ። ፊት ለፊቱ ቆመው ብዙ ካዩት በኋላ «ይህ እንስሳ ጥፋቱን ያውቃል» ብለው ባለባጃጁን ነፃ አወጡ። አህያውም ይግባኝ አላለም። ከፍርዳቸው ሁሉ የሚኮሩበት ግን የመረቡ ነገር ነው። ጁማና ቅዱስ የሚባሉ ሁለት ዓሣ አጥማጆች «መረቤን ቀደድክ፣ አልቀደድኩም» ብለው ለዱላ ተፈላልገው ነበር። ጋሽ ሙሐዲን አልፈረዱም፤ ቀጠሩ። አሁንም ቀጠሩ። ሦስተኛም ቀጠሩ። በአራተኛው ቀጠሮ ሁለቱ በአንድ ጀልባ አብረው መጡ። ከመመላለሱ ብዛት ተወዳጅተው የጠቡን ነገር ረስተውት ኖሯል። «ነገር በፍርድ አይሞትም» ይላሉ ጋሽ ሙሐዲን ይህን ባነሡ ቁጥር፣ «ነገር የሚሞተው በቀጠሮ ነው!»

እኒህ የሰው ነገር ሲያበርዱ የኖሩ ሰው ግን አንድ ቀን የራሳቸው ነገር መጣባቸው። የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው። አዲስ አበባ ሄደው የጨረር ሕክምና ወሰዱ፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ ደሴ እየተመላለሱ የሆርሞን መርፌ ይወጉ ጀመር። ሱረያ ከደሴዋ ሐኪም ከዶክተር ሰሎሜ እንደተረዳችው በሽታው የሚመገበው ከወንድ ሆርሞን ነው፤ መርፌው ቀለቡን ይቆርጥበታል። ዓመት ከመንፈቁ ሲሞላ ዶክተር ሰሎሜ የደሙን ውጤት አይታ ፈገግ አለች።

«አባባ፣ በደምዎ ያለው የበሽታው ምልክት ቁጥሩ በጣም ወርዷል። አሁን ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው እዚህ ላይ አቁመን በየሦስት ወሩ ደምዎን እያየን መከታተል ነው። ሁለተኛው እስከ ሦስት ዓመት መቀጠል። ብንቀጥል በሽታው እንዳይመለስ ትንሽ ይረዳ ይሆናል፤ አጥንትና ጉልበት ግን ይጎዳል። በእርስዎ ሁኔታ ሁለቱም ስሕተት አይደለም። ተመካከሩና የመርፌው ቀን ሳይደርስ ንገሩኝ።»

ጋሽ ሙሐዲን ከዘራቸውን ተከሉ። «ልጄ፣ አንቺ ዳኛ ነሽ ወይስ ምስክር?»

«ምስክር ብሆን ይሻላል» አለች እየሳቀች።

«ጥሩ። ምስክር አይፈርድም።»

በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ ሱረያ «እርስዎስ የትኛውን ይመርጣሉ?» አለቻቸው። «ባለጉዳይ ዳኛ አይሆንም» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እስከ ሐይቅ ድረስ ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ መጣች። የደፍን ሐሳብ የሚያውቅ ሰው፣ የአህያን ልብ የሚያነብ ሰው፣ የራሱ ልብ ምን ይል ይሆን? ማን ጠይቆት ያውቃል?

ቤት እንደደረሱ ኢምራን በኢሞ ደወለ። «አባ፣ እንዳታቆም! እስክመጣ ድረስ፣ አደራ!» ጋሽ ሙሐዲን «ኢንሻአላህ» ብቻ አሉት።

መርፌው ሳምንት ሲቀረው ከግቢው ዋንዛ ሥር ችሎት ተዘረጋ። ዳኛው መሪጌታ አስረስ ናቸው፤ ከጋሽ ሙሐዲን ጋር ሠላሳ ዓመት አብረው ሸምግለዋል። አንዱ በዱዓ ከፍተው ሌላው በአቡነ ዘበሰማያት የዘጉት ጠብ ስፍር ቁጥር የለውም። ጋሽ ሙሐዲን ችሎቱን ራሳቸው አደላደሉት። ሱረያ የመርፌው ጠበቃ፣ ሚስታቸው ሀውራ የከሳሽ ወገን።

«እርስዎስ አባዬ?»

«እኔማ የሚካሰሱበት መሬት ነኝ። መሬት ይናገራል እንዴ?»

ሱረያ የደም ምርመራ ወረቀቶቿን ዘርግታ ተነሣች። «የተከበሩ ዳኛ፣ ደንበኛዬ መርፌው ሥራ ሲጀምር ይህ ቁጥር ሰባ ሁለት ነበር። ዛሬ ከአንድ በታች ነው። ሌባ ስላልመጣ ተብሎ ዘበኛ ይባረራል?»

«ይመዝገብ!» አሉ መሪጌታ። መዝጋቢ ግን አልነበረም።

«ዘበኛውማ ቤቱን እየበላው ነው!» አሉ እማ ሀውራ። «ዳገት ሲወጣ ፍየል የሚያስንቅ ሰው፣ ዛሬ ከዚህ እስከ መስጊድ ሁለቴ ቁጭ ይላል። ባለፈው ሠርግ ላይ ከሙሽራዋ እናት በላይ አለቀሰ፤ ሰዉ የልጅቱ ወላጅ መስሎት ሲያጽናናው ዋለ። ላቡስ! እኔ በዚያ ዕድሜዬ እሳቱ ከውስጤ ሲነሣ 'ምነው ሀውራ፣ ጀሀነም ባንቺ ጀመረ?' እያለ ሲስቅብኝ አልነበር? አሁን ማራገቢያዬን ሰርቆ ትራሱ ሥር ይደብቃታል!»

መሪጌታ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጋሽ ሙሐዲን ግን አልሳቁም።

«ሌላኛውን ወገን አሁን ሰማሁት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በራሴ ገላ ሰማሁት። አፉ በይኝ ሀውራ።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረዋቸው የኖሩት እማ ሀውራ ክሱን ትተው ከአጠገባቸው ሄደው ተቀመጡ።

ሱረያ ወረቀቶቿን አጠፈች። «የተከበሩ ዳኛ፣ ያልተሰማ ወገን አለ።»

«ማን?»

«መሬቱ።»

ጋሽ ሙሐዲን ሊቃወሙ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን በራሳቸው ቃል ተይዘዋል። ሐይቁን አዩ። ከዘራቸውን አዩ።

«ፈርቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «መርፌው አድክሞኛል። ግን ተወግቼ ከደሴ ስመለስ 'ዛሬ በሩ ተዘግቷል' እላለሁ። ካቆምኩ በሩን ማን ይዘጋልኛል? ልጄ ደግሞ አደራ ብሎኛል። ታዲያ ልጄ ሲመጣ ማንን ነው የሚያገኘው? በትራስ ተደግፎ የሚያለቅስ ሽማግሌ? እንደ ዱሮው ከአስረስ ጋር እስከ እስጢፋኖስ ገዳም በር በእግሬ ብሄድ ደስ ባለኝ። መሬቱ ከተጠየቀ... መሬቱ ማረፍ ይፈልጋል።»

ሱረያ ጠበቃ መሆኗ ጠፍቷት ዓይኗን ትጠርጋለች።

«ሙሐዲን» አሉ መሪጌታ፣ «የመረቡ ነገር በምን ነበር የሞተው?»

«በቀጠሮ።»

«እንግዲያው የልብህን ተናግረሃል፤ እኔ የምጨምረው ቀጠሮውን ብቻ ነው። መርፌው ይረፍ፤ አልተባረረም። በየሦስት ወሩ ደም ቀርቦ ይመስክር። ጠላት ተነሣ ካለ ሐኪሟ ትጠራለች፣ መርፌውም በክብር ይመለሳል። እንዲህ እየቀጠርን እንቆየው።»

የተረታችው ጠበቃ ግን አልተቀመጠችም። «አባዬ፣ አንድም ቀጠሮ እንዳያልፍዎ! ቀኑን እኔ ጽፌ ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ።»

«እኔን? ቀጠሮ?» አሉ ጋሽ ሙሐዲን እንደተሰደበ ሰው። «አብሽሪ ልጄ!»

ዶክተር ሰሎሜም ተስማማች፤ ላቡና ድካሙ ግን ለመልቀቅ ወራት እንደሚፈጅ አስጠነቀቀች። ኢምራን ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ሱረያ የችሎቱን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስትነግረው «እኔ እኮ እሱን ጠይቄው አላውቅም» አለ።

መርፌውን ሊወጉ በነበረበት ማክሰኞ ጋሽ ሙሐዲን በጧት ተነሥተው ከመሪጌታ ጋር ወደ እስጢፋኖስ በር በእግራቸው ወጡ። ማራገቢያዋን በብብታቸው ይዘዋል። ሱረያ ሀያን ታቅፋ ደፉ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ስታይ ቆየች። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ተመለሱ፤ ልብሳቸው በላብ ርሷል፣ ጥርሳቸው ግን አልከደን ብሏል።

«ስንት ጊዜ አረፉ አባዬ?»

«አንድ ጊዜ።»

ከኋላቸው መሪጌታ አስረስ አራት ጣት አሳዩ። ሱረያ ልታጋልጣቸው ብላ ተወችው። ደፉን በእጇ ዳሰስ አደረገች።

«ቆይ፣ ሌላኛው ወገን ይሰማ» አለች። «ያረፉባቸው ድንጋዮችስ ምን ይላሉ?»

ጋሽ ሙሐዲን ከዘራቸውን ተክለው በደስታ አዩዋት።

«'እኛ ከቦታችን አልተነሣንም፤ የመጣብን እሱ ነው' ይላሉ።»