ከወንበር ሥር ያፏጨው

«ዝም አይነቅዝም» ያለው የመጀመሪያው ሰው፣ ይህን ከሚናገር ለምን እሱ ራሱ ዝም አላለም? ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው የዞርሁት ጥያቄ ነው። እንደኔ ዓይን አፋር ከሆናችሁ ተረቱ ምን ያህል ምቹ ትራስ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ፊዚክስ ተምሬ ስመለስ እንኳ ትራሴን አልጣልሁም። እዚሁ መተማ ዮሐንስ ያለው ትምህርት ቤት «ነይና አስተምሪ» ቢለኝ፣ ያ ሁሉ ተማሪ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ እየታሰበኝ «ላስብበት» እንዳልሁ ክረምቱ አለፈ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አባቴ ሾፌር ነው። የቆላ ሾፌር ደግሞ መኪናውን የሚያክመው በጆሮው ነው። ይህ ጆሮ፣ ሰሊጥ ሊታጨድ ሲል፣ ከፒክአፓችን ወንበር ሥር ቀጭን ፉጨት ሰማ። ቁልፍ ሲዞር ይጀምራል፣ ቁልፍ ሲዘጋ ይቆማል። ከዚያ ወንበር ሥር፣ ከወለሉ በታች ያለው ካምቢዮ ነው። ፍርዱ ተሰጠ፤ ካምቢዮው ይውረድ!

ካምቢዮ ማውረድ ሳምንት ይፈጃል። ሰሊጥ ሳምንት አይታገሥም፤ በጊዜው ካልታጨደ አፉን ከፍቶ ፍሬውን ለመሬት ይመልሳል። ሳሉግ የምንላቸውን አጫጆች ከነውኃቸው ወደ ማሳችን የምታመላልሰው ደግሞ ይህችው ፒክአፕ ናት።

መካኒካችን ኡስታ ሐሚድ መጥተው ከመኪናው ሥር ገቡ። እኔ መጽሐፌን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። ከዚያው ወንበር ሥር፣ ግን ከወለሉ በላይ፣ አባቴ አምና ከድንበር ማዶ፣ ከገላባት ያመጣው የቴፕ ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየር፣ እንዳለ አውቃለሁ። በውስጡ የባትሪውን ኃይል ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ትራንስፎርመር አለ፤ መንገዱ አንገጫግጮ የሽቦ ጥምጥሙን ካላላው ያፏጫል። አባቴ ቴፕ አጥፍቶ አያውቅም። ቴፑና ሞተሩ አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይተኛሉ፤ ድምፃቸውን ማን ይለያል?

አውቃለሁ፤ ዝም ብያለሁ። ኡስታ የመጀመሪያውን ብሎን ሲፈቱ፣ ዝምታዬ ሲነቅዝ ተሰማኝ።

«አባባ፣ ሞተሩን ሳታስነሣ ቁልፉን ብቻ ክፈተው።»

መልሱ ከመኪናው ሥር መጣ። «ምን አልሽ ልጄ? ጮክ በይ እንጂ! የቆላ ሙቀት ድምፅ ይበላል።»

ጮክ አልሁ። አባቴ ቁልፉን ከፈተ። ሞተሩ ሳይነሣ ፉጨቱ ተነሣ። ቴፑን ሲያጠፋው ጸጥ።

«ወላሂ አያ ጥላሁን፣» አሉ ኡስታ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ሲወጡ፣ «ሞተር ሳይነሣ የሚያፏጭ ካምቢዮ ካለህ፣ እኔ መፍቻዬን ልሽጥ!»

አባቴ ወደኔ ዞረ። «አንቺ ደግሞ፣ ሰውየው አፈር ላይ እስኪንከባለል ነው የምትጠብቂው?»

የሳምንት ሥራ ከእጁ ያወጣችበትን ልጅ ሌላ መካኒክ ቢሆን ይገላምጣት ነበር። እርሳቸው ግን አምፕሊፋየሩን ፈተው «እስቲ የትኛው ነው? አሳዪኝ» አሉኝ። ጥምጥሙን በሙጫ አጣበቅነው። እስከ ዛሬ የማመሰግናቸው ስለ ሙጫው አይደለም፤ ጮክ በይ ስላሉኝ ነው።

ስንሞክረው አባቴ ጆሮውን አቀና። «አሁን ደግሞ ያቺ ኳኳታ ምንድን ናት?»

«እሷ እንኳ ካምቢዮ ናት፤» አሉ ኡስታ፣ «ለዛሬ ግን ሰሊጥህን ታደርስልሃለች። ከአጨዳ በኋላ እንገናኝ።»

ሰሊጡ አፉን ሳይከፍት ታጨደ። ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬም የፊዚክስ መምህር አላገኘም። ሰኞ ሄጄ እሺ ልል ወስኛለሁ። ድምፄ ከኋላ ወንበር አልደርስ ካለ፣ አምፕሊፋየር ከየት እንደሚፈታ አውቃለሁ።