የሆዴ ጥራት ቁጥጥር

ሰው ከራሱ ገላ ይበልጥ የሚያውቀው ነገር የለም ይባላል። ማን እንዳለው እንጃ፤ ብቻ ቦርጭ ያልነበረው ሰው መሆን አለበት። እኔ ከሆዴ በታች ስላለው አገር የማውቀው በወሬ ነው። ቀበቶዬን እንኳ የማስረው በልምድ እንጂ በማየት አይደለም።

ይህ ጉዴ የወጣው ደሴ ላይ ትርፍ አንጀቴን በቀዶ ሕክምና አውጥተው ወደ ቤቴ ወደ ኮምቦልቻ ሲሸኙኝ ነው። ሐኪሙ ፋሻው ከተነሳ በኋላ ቁስልህን በየቀኑ ራስህ እያየህ ጠብቅ፤ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ሳትውል ሳታድር ና ብሎ አዘዘኝ። እሺ አልኩ። ቁስሉ ከቦርጬ ሥር መደበቁን የተረዳሁት ግን ቤቴ ገብቼ ልመለከተው ስሞክር ነው። ደግሞስ መቅላት ብሎ ነገር! እኔ እንዲህ የጠቆርኩ ሰው፣ ከተወለድኩ ጀምሮ በሐፍረት እንኳ ቀልቼ አላውቅም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ዋሸሁ። ባለቤቴ ዘሪቱ ቁስል ማየት ስለማትችል ከበር ላይ ሆና እንዴት ነው ትለኛለች፤ እኔም ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ እጅግ ያማረ ነው እላታለሁ። ከሆስፒታሉ ነርስ ደውላ ስትጠይቀኝም ያላየሁትን ቁስል እንደ አስጎብኚ አሳምሬ ገለጽኩላት።

በአምስተኛው ቀን ጎረቤታችን ጋሽ እንድሪስ ሊጠይቁኝ መጡ። ጋሽ እንድሪስ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጨርቅ እንከን ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬም ሰላም ሲሉህ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ኮሌታህ ላይ ነው። አላህ ያሽርህ ብለው ገና ከመቀመጣቸው፣ እስቲ ስፌቱን አሳየኝ አሉ። ሌላ ጠያቂ ሕመሙ እንዴት ነው ይላል፤ እሳቸው ስፌቱን!

እጃቸውን ታጥበው፣ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረውኝ ጎንበስ አሉ። አምስተኛው ስፌት ከስድስተኛው ራቅ ብሏል ሲሉ ሐኪሙን ወክዬ ይቅርታ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። እዚህ ጋ ቆዳህ ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ትናንት እንዲህ ነበር ወይ አሉኝ። አይቼው አላውቅም አልኩ። ዘሪቱ በሩ ላይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሳቸው እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡና የጨርቅ እንከን እንደሚከበብ ያበጠውን ዙሪያውን ከበቡት። ነገ ከዚህ መስመር ካለፈ ደሴ ትወጣለህ፣ ወላሂ አልለቅህም ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሰው ሲያዩት እብጠቱ መስመሩን አንድ ጣት ያህል አልፎታል። እኔ አሁንም ተከራከርኩ፤ ትኩሳት የለኝም፣ እህል ይበላልኛል፣ ሰኞ ይደረሳል አልኩ። ጋሽ እንድሪስ አልተቆጡም። ትንሽ እንከን በጊዜ ሳይያዝ ቀርቶ ስንት ጥቅል ጨርቅ እንደጣሉ ብቻ ነገሩኝ። ጥቅሉ እኔ መሆኔ ሲገባኝ ጫማዬን ፈለግኩ። ሚኒባሱ ያን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጣ እኔ ሆዴን ይዤ፣ እሳቸው ክንዴን ይዘው፣ በየመታጠፊያው አብሽር፣ አብሽር እያሉ ደሴ አደረሱኝ።

ሐኪሙ ቁስሉን ከፍቶ መግሉን አወጣ። ሁለት ቀን ብትዘገይ ወደ ውስጥ ዘልቆ ለሕይወትህ ያሰጋ ነበር አለኝ። መስመሩንም አይቶ፣ ይህን ያሰመረው የትኛው ባለሙያ ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ እንድሪስ በሩ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እጃቸውን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዛሬ ልጆቼን የማቅፈው በእኚህ ሰው ዓይን ምክንያት ነው፤ ምን ብዬ አመሰግናቸዋለሁ?

ቁስሉ ጠግጎ ሲያልቅ ጋሽ እንድሪስ ለመጨረሻ ጊዜ መረመሩኝ። ውሳኔያቸውን እስኪነግሩኝ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። አልሃምዱሊላህ ድነሃል አሉ፤ ለውጭ ገበያ ግን አትሆንም፣ ለአገር ውስጥ ታልፋለህ።

ዘሪቱ ከጓዳ ሆና፣ ግድ የለም ጋሽ እንድሪስ፣ እኔም ስወስደው ከዚህ የተሻለ አልነበረም አለች።