ዓባይን የገደቡ አምስት ሱሪዎች

ትልቅ ከተማ እንደ ትልቅ ሰው ነው፤ ሁሉን አውቃለሁ ይላል እንጂ እግሩ ሥር ያለውን አያይም። ካርቱምን ውሰዷት። ሁለት ወንዝ አቅፋ ተኝታ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር «ውሃ መጣ!» ብላ ብድግ ትላለች፤ አምና የመጣው ሌላ ነገር ይመስል። ከዚያ በትልልቅ አዳራሽ ስብሰባ ይጠራል። ስለ ጎርፍ ብዙ ይወራል፣ ብዙ የታሸገ ውሃ ይጠጣል። ወንዙ ግን ቃለ ጉባኤ እስኪፈረም አይጠብቅም።

እኔ የምኖረው ካርቱም ጫፍ፣ ሶባ፣ ከወንዙ ዳር፣ ባለቤቴ ተፈራ ጭቃውን በእግሩ አቡክቶ በሠራው ቤት ነው። የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ጊዜ ተፈራ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነበር። ልብሱን ግን አላወጣሁም። አርካዊት ሰፈር ያሉት የሐበሻ ዕድር ሴቶች በመጡ ቁጥር «አንቺ፣ የሟች ልብስ ለነዳያን ነው፤ ስጪና ይውጣልሽ» ይሉኛል። እኔም «በልኩ ሰው አጣሁ» እላለሁ። ውሸት አይደለም። በር ባየ ቁጥር ጎንበስ የሚል ሰው ነበርና ሱሪ ተሰፍቶለት እንጂ ተገዝቶለት አያውቅም። ኦምዱርማን ገበያ ያለው ልብስ ሰፊ ከወፍራም ካኪ ይሰፋለትና፣ አስተማሪ ነበርና፣ «ያ ኡስታዝ፣ ይሄ ጨርቅ ካንተ በኋላም ይኖራል» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ኖረ።

በዓረብኛ «ትርስ» የሚሉት ቃል አለ። በሱዳን አብዮት ጊዜ ወጣቶቹ መንገድ የሚዘጉበት የድንጋይና የጡብ ክምር ትርስ ይባል ነበር። «ትርስ!» ከተባለ አስለቃሽ ጭስ አይቀርምና ኮምጣጤና እርጥብ ጨርቅ ይዞ መውጣት ነው። ያንን ጠንቅቄ ተምሬያለሁ። ታዲያ ያ ሁሉ አልፎ፣ ሽግግር በተባለው ዘመን፣ አንድ የክረምት ከሰዓት የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ «ወደ ትርስ! ወደ ትርስ!» ሲል ምን ላድርግ? ኮምጣጤዬን ይዤ ሮጥኩ።

ሰው ሁሉ አካፋ ተሸክሞ ወደ ወንዙ ይሮጣል። ጎረቤቴ ሐጃ ዘይነብ በልጄ ስም ነው የምትጠራኝ፤ አየችኝና አካፋዋን ተደግፋ ሳቀች።

«ያ ኡም ሳራ! ዓባይን ሰላጣ ልትሠሪው ነው?»

ለካ ወንዝ የሚመልሰው የአፈር ክምርም ስሙ ትርስ ኖሯል! ሃያ ዓመት ዓረብኛ ተናግሬ ቃሉን በግማሹ ነበር የማውቀው። ግን እስኪ ፍረዱኝ፣ ምን ያህል ተሳሳትኩ? መንገድ ሲዘጉ የነበሩት ወጣቶች ናቸው ውሃ ሊዘጉ የተሰለፉት። አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ይሞላል፣ ጆንያው ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ የደከመው ሳይለመን ይተካል። ያስተማራቸው መሐንዲስ የለም። ወታደር ሲያባርራቸው የለመዱትን ነው ለወንዙ ያዋሉት።

ጆንያው ሊያልቅ ሲል ግን የበር ስፋት የምታህል ክፍተት ቀረች። ከክፍተቷ ኋላ የመጀመሪያው ቤት የኔ ነው። ጭቃ ቤት ደግሞ ከውሃ ጋር አይከራከርም፤ ወዲያው ይስማማል።

«ጨርቅ! ያላችሁን ጨርቅ! ያላ!» አለች ሐጃ። አንሶላ መጣ፣ መጋረጃ መጣ፤ አፈር ሲሞላበት ተተረተረ። ወፍራም ጨርቅ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ። እግሬ ግን አልነቃነቅ አለ። የሠራው ቤት ይትረፍ ወይስ የለበሰው ልብስ? ውሃው ጫማዬን ሲነካኝ ሮጥኩ። ሣጥኑን ከፈትኩ። አንዴ አሸተትኩ፤ አንዴ ብቻ። አምስቱንም ሱሪ ታቅፌ ተመለስኩ።

ባለሙያ ያልነገረንን ልንገራችሁ፤ ሁለት እግሩ በሲባጎ የታሰረ ሱሪ ሁለት ጆንያ ነው። አፈር ሞልተን ወገቡን ቋጠርነውና ትርሱ ላይ አፈናጠጥነው፤ አንድ እግር ወደ ወንዙ፣ አንድ እግር ወደ ሰፈሩ፣ በቅሎ እንደተቀመጠ ሰው። የሳቀ አልነበረም። ሐጃ ዘይነብ፣ አራት ልጆቿን ሒሳብ ያስተማረላት ሐጃ ዘይነብ፣ ቀጥ ብላ ቆመችና «አህለን፣ ያ ኡስታዝ!» አለችው። ከዚያ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በተራ ሰላም አለው። እኔ አለቀስኩም ሳቅኩም፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

ውሃው እስከ ሱሪዎቹ ጉልበት ወጣ። ቆመ። ቀናት ቆየና ተሸናፊ እንደመሆኑ ቀስ እያለ፣ ኋላውን እያየ፣ ሄደ። ከሰፈራችን አንድ ቤት አልፈረሰም፤ የሐጃና የኔ እልልታ ወንዙን ተሻግሮ የተሰማ ይመስለኛል።

ከሳምንት በኋላ አንድ ሹም ካሜራና ደብተር ይዞ መጣ። ትርሱን ከዳር እስከ ዳር ለካ። ሱሪዎቹ ጋ ሲደርስ ቆሞ ጫን ጫን አላቸው፤ ንቅንቅ አላሉም።

«ጠንካራ ነው» አለ፤ «ለሌሎች ሰፈሮችም ይጠቅማል። እንዲህ ያለው ከየት ይገኛል?»

«አይገኝም» አልኩት። «አንድ ብቻ ነበር።»