ግልገሏን የጣለች ፍየል ወተት

እጄ እስከ አንጓው ፍየሏ ውስጥ ነበር። ግልገሉ በጎኑ መጥቷል፤ የኋላ እግሩን ይዤ ቀስ እያልኩ ሳብኩት። ወጣ። ጠጉር አብቅሏል፣ ጥፍር አውጥቷል፣ ነፍስ ግን የለውም። ሊወለድ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረው። የእንግዴ ልጁን ለውሻው ወረወርኩለት፣ እጄን በአሸዋ አሸሁና ፍየሏን አይዞሽ አልኳት። በሰፈራችን በቡቲዬ ፍየል የሚያረባ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት። ሳሙና ለሰው ነው፤ ለዚያውም ገበያ ለሚወጣ ሰው።

በሳምንቱ ሁለተኛዋ ጣለች። አላዘንኩም አልልም፤ ነገር ግን ፍየል የሚያረባ ሰው በአንድ ዓይኑ ነው የሚያዝነው፣ በሌላው ጡቷን ያያል። ግልገል የምታጠባ ፍየል ለሰው የምታተርፈው አንዲት ኩባያ ናት። ግልገሏን የጣለች ግን የሚሻማት ስለሌለ ጣሳ ትሞላለች። በእኛ ሰፈር ከሞትም የሚታለብ ነገር አይጠፋም።

ታዲያ ጊዜው ሁዳዴ ነበር። አባቴ ከደጋ ሸቀጥ ይዞ ወርዶ እዚሁ ኬንያ ሞያሌ የቀረ ሰው ነው፤ ያወረሰኝም ሁለት ነገር ነው፦ ፆምና ዝምታ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ስለምኖር በሁዳዴ ወተቱን የሚነካ ሰው ቤቴ የለም። መድፋት ደግሞ ግፍ ነው። ስለዚህ እኛ ጥቂት ፆመኞች ከጥንት ጀምሮ የያዝነው ወግ አለ፤ የፆም ወተት ለማይፆም ጎረቤት ይሄዳል። እነሱ በበኩላቸው የዒድ ሥጋ ሊልኩልን አይችሉም፣ ያረዱትን አንበላላቸውም፤ ስለዚህ ስኳር ይልኩልናል። አያችሁ፣ ሰው መዋደድ ከፈለገ ሃይማኖት መንገድ አይዘጋበትም፤ ትንሽ ያዞረዋል እንጂ።

ጎረቤቴ ጉዮ ይባላል። ቦረና ነው፣ እስላም ነው፣ ጉምሩኩ አጠገብ ከሎሪ ላይ እህል የሚያወርድ ጠንካራ ሰው ነው። ሚስቱ ቃባሌ ከሶሎሎ ከመጣች ዓመትም አልሞላት፤ የመጀመሪያዋን አርግዛ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። የጉዮ እናት አብራቸው ትኖራለች፤ የቤቱ አፍ እሷ ናት። ጠዋትና ማታ ጣሳውን በአጥሩ ላይ አቀብላለሁ፣ ቃባሌ ትቀበላለች፣ እዚያው ቆማ ትጠጣለች፣ ባዶውን ትመልሳለች። አይፈላም። ወተት እሳት ከነካው የታለበችው ፍየል ጡቷ ይደርቃል ይላሉ። አሮጊቷ ትላለች፣ አገሩ ሁሉ ይላል። እኔም ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አንድ ቀን አፍልቼ አላውቅም። ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ከጡቱ እንደወጣ፣ አረፋው ሳይበርድ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቃባሌን ትኩሳት ያዛት። ማታ ማታ ያልባታል፣ ወገቧን ይቆርጣታል። መድኃኒት ቤት ወሰዷት፤ ወባ ነው ተባለ። የወባውን ጨረሰች፣ አልተዋትም፤ ታይፎይድ ነው ተባለ። ሕመምተኛ ምን ያስፈልገዋል? ወተት። አንዱን ጣሳ ሁለት አደረግሁት። አጥሩ ጋ መምጣት ሲያቅታት ቤቷ ድረስ እየሄድኩ ሰጠሁ። ተመስገን፣ በፆሜ በጎ ሥራ አገኘሁ ብዬ ልቤ ሞልቶ ነበር።

በሕማማት ሳምንት ፅንሱ ወረደ። ወንድ ነበር አሉ። ሴቶቹ ከቤቱ ጀርባ ቀበሩት፤ ጉዮ ሎሪ ሊያራግፍ ሄደ። ሌላ ምን ያድርግ?

ከዚያ በኋላ አሮጊቷ ጀመረች። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ ቆይቶ እኔ ቁጭ ከምልበት ዛፍ ድረስ ይሰማኝ ጀመር። ይቺ ልጅ ማህፀኗ አይቋጥርም፣ እናቷም እንዲሁ ሁለት ጥላለች፣ ለልጄ ደረቅ መሬት አመጣሁለት ትላለች። ቃባሌ አጎንብሳ ግቢ ትጠርጋለች። ትኩሳቱም ይሄዳል ይመጣል፤ እንደ ድንበር ነጋዴ መውጫ መግቢያውን ያውቃል።

በሰኔ መጀመሪያ፣ የቆላው ዝናባችን እንዳቆመ፣ የእንስሳት ሐኪም መጣ። ዳክታሪ እንለዋለን፤ በሞተር የሚዞር ወጣት ነው፣ አማርኛውን ከድንበሩ ማዶ ገበያ ነው የለቀመው። ቡቲዬ ውስጥ ፍየል እየጣለ መሆኑን ሰምቶ ከየቤቱ ደም ቀዳ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣና ከፍየሎቼ አራቱ የውርጃ በሽታ አለባቸው አለኝ። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ነገር ነው፣ ባክቴሪያ ነው። በአጉሊ መነጽር ሊያዩት ሲፈልጉ ሐምራዊ ቀለም ይቀቡታል፤ ሲያጥቡት ይለቀዋል። ቀይ ሲቀቡት ግን ቀይ ይሆናል። ባክቴሪያን በሁለት ወገን የሚለዩት በዚህ ነው አለኝ። የእኛ ሰፈር ልጅ ነዋ ብዬ አሰብኩ፤ በአንድ ኪሱ ኪታምቡሊሾ፣ የኬንያውን መታወቂያ፣ በሌላው የኢትዮጵያ መታወቂያ የያዘ ስንት ሰው አለ፤ የትኛው ቀለም እንደሚለቀው የሚታወቀው ፖሊስ ሲያጥበው ነው።

ሳቄ ግን አልቆየም። ዳክታሪው ቀጠለ። በእጅህ ስታዋልድ ይይዝሃል፤ ይህ የሚያምህ ጉልበትም ከእሱ ሊሆን ይችላል አለኝ። እኔ የሽማግሌ ጉልበት ምክንያት የሚፈልግ አይመስለኝም ነበር። ሰውን በብዛት የሚይዘው ግን ባልፈላ ወተት ነው፤ ትኩሳቱ ወባ ይመስላል፤ ነፍሰ ጡር ከጠጣችው ፅንሱን ሊያስወርዳት ይችላል። ይህን ብሎ ደብተሩን ገለጠና እስክሪብቶውን አዘጋጀ።

"ምዜ፣ የእነዚህን ወተት ማን ጠጣው?" አለኝ፤ ምዜ ሽማግሌ ማለቱ ነው።

"ፆም ነበር" አልኩት።

ውሸት ፈልጉበት እስቲ፤ አታገኙም። እሱም አላገኘም። ጎሽ፣ ፆሙ አዳነህ ብሎ ደብተሩን ዘጋ።

ስለ ዝምታ ትንሽ ላውራችሁ፤ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። በሞያሌ ዝም የሚል ሰው ይከበራል። ሁለት ሰው ሲጣላ እኔን ይጠሩኛል፤ ስለማልናገር አስታራቂ ነው ይሉኛል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም እንላለን። እውነት ነው፣ አይገባም። ግን ቀድሞ የገባ ዝንብ ካለ መውጫ የለውም። ብልህ ነው የምትሉት ዝምተኛ ሁሉ ብልህ እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ ፈሪ ነው። ፍርሃቱ ስለሚያምርበት አይታወቅበትም።

ዳክታሪው አራቱን ፍየሎች አትሽጥ፣ አርደህ ቅበር ብሎኝ ነበርና ጉድጓድ መቆፈር ጀመርኩ። ጉዮ አየኝና ሳልጠራው አካፋ ይዞ መጣ። አብረን ቆፈርን። ወገቡ ድረስ ከገባ በኋላ ቀና ብሎ ምን ሆነው ነው የሚታረዱት አለኝ። በሽታ ነው አልኩት። ትንሽ ቆፈረ። ከዚያ አፈሩን እያየ እንዲህ አለ፦

"የኔም ቤት በሽታ ገብቷል፣ አባ። እናቴ ወደ አባቷ ቤት መልሳት ትላለች። ማህፀኗ ነው ትላለች። አንተ ሽማግሌ ነህ፣ ምን ትለኛለህ?"

እነሆ፣ የጠየቀኝ እሱ ነው። ፍየሎቹ እግራቸው ታስሮ አጠገባችን ተኝተዋል፤ ጣሳው ከደጄ ላይ ተደፍቶ ይታያል። ልጅቷ ምንም የላትም፣ ወተቱ ነው፣ እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። አሮጊቷ ትሰድበኝ ይሆናል፤ ጉዮ አካፋውን ያነሳብኝ ይሆናል፤ ቡቲዬ ውስጥ ከእኔ ቤት ውሃ የሚጠጣ ይጠፋ ይሆናል። ግን ልጅቷ ቤቷ ትቀራለች፣ መድኃኒቷንም ታገኛለች።

እግዚአብሔር ያውቃል አልኩት።

ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

በመስከረም ቃባሌ በሎሪ ጭነት ላይ ፍራሿን ይዛ ወደ ሶሎሎ ሄደች። በጥቅምት ለጉዮ ሌላ ሚስት ታጨችለት። ሠርጉን እኔ እንድመርቅ ተጠራሁ፤ ዝም የሚል ሽማግሌ ምርቃቱ ይይዛል ይላሉ። ያን ቀን አፌ ተከፈተ፣ ዘግይቶ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት በሽታው የራስ ሲሆን ነው፤ እኔ የሰው በሽታ ነበር የደበቅሁት። ለጉዮና ለእናቱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጉዮ ተነስቶ ወጣ። አሮጊቷ ጥሎሹ ተሰጥቷል፣ አሁን ምን ይመለሳል አለችና ፊቷን አዞረች።

ለእሷም መንገር አለብኝ ብዬ በኅዳር ሎሪ ላይ ወጥቼ ሶሎሎ ሄድኩ። መንገዱ አጥንት ያላላል፤ ለጥፋቴ ግን አነሰኝ። ቃባሌን በአባቷ ደጅ አገኘኋት። ከስታለች፣ ግን ትኩሳቱ ለቋታል፤ እዚያው ሆስፒታል ደሟን አይተው መድኃኒቱን ጀምራለች። በርጩማ አወጣችልኝ። ወተት ግን አላቀረበችልኝም፤ ሻይ ነበር፣ ባዶውን። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ጣሳው፣ ስለ ዳክታሪው። ማህፀንሽ ጤነኛ ነው አልኳት። በዕድሜዬ ይህን ያህል የተናገርኩበት ቀን የለም። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ሐኪሙ ይህን የነገረህ መቼ ነው አለችኝ።

ሰኔ ሳያልቅ አልኳት።

ጣቶቿን አየች። አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም። ከዚያ ቀና አለች።

"ያኔማ ገና ቤቴ ነበርኩ፣ አባ።"